የዛፏን ምልክት ከረጢቴ ላይ ማተም እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዲስ አበባ ውስጥ ከስድስት ሠራተኞች ጋር የወረቀት ከረጢት እሠራለሁ። ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ ሥራው ጥሩ ነው። በቅርቡ ቡና እየቆላ ወደ ጀርመን የሚልክ ደንበኛ አገኘሁ። ገዢዎቹ ከረጢቱ ላይ የኤፍ ኤስ ሲ ምልክት እንዲኖር ይፈልጋሉ አለኝ። ክራፍት የሚባለውን ጠንካራ ቡናማ ወረቀት የምገዛው ከአስመጪ ነው። ስጠይቀው አንድ የምስክር ወረቀት በቴሌግራም ላከልኝ። ይህን ይዤ ምልክቱን ማተም እችላለሁ? ደግሞስ ወረቀት ከዛፍ ነው የሚሠራው። ከፌስታል እንገላገል ብለን ጫካ እያስጨፈጨፍን ቢሆንስ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ምልክቱን አታትሚ። አስመጪው የላከልሽ ወረቀት እውነተኛ ቢሆን እንኳ አንቺን አይሸፍንሽም። ሁለተኛው ጥያቄሽ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኤፍ ኤስ ሲ በ1993 የተቋቋመ የደን ጉዳይ ድርጅት ነው። ዋና ቢሮው ጀርመን አገር፣ ቦን ከተማ ነው። አባላቱ በሦስት ጎራ ይቀመጣሉ። የአካባቢ ተቆርቋሪዎች፣ የማኅበረሰብና የሠራተኛ ጉዳይ የያዙ፣ ከዚያ ደግሞ ነጋዴዎችና የደን ባለቤቶች። የሦስቱም ጎራ ድምፅ እኩል ይመዝናል። ሰው ግን ድርጅቱን የሚያውቀው በምልክቱ ነው፤ የ«ትክክል» ምልክት ከዛፍ ጋር የተጋጠመበት።

ብዙ ሰው ምልክቱ የጥራት ማኅተም ይመስለዋል። ስለ ወረቀቱ ጥንካሬም ሆነ ውፍረት ምንም አይልም። የሚናገረው ስለ ጉዞው ነው። ዛፉ የት ተቆረጠ፣ ማን ፐልፕ (ወረቀት የሚሠራበት የእንጨት ሊጥ) አደረገው፣ ማን ወረቀት አደረገው፣ በማን እጅ አልፎ መጣ። በዚህ መንገድ ላይ ዕቃውን ገዝቶ የራሱ የሚያደርግ ድርጅት ሁሉ የየራሱ የርክክብ ሰንሰለት ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ነፃ የሚሆነው ምልክቱ ታትሞበት ያለቀለትን ዕቃ እንዳለ ለተጠቃሚ የሚቸረችር ባለ ሱቅ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ባለ ሱቅ አይደለሽም። ሮል ገዝተሽ፣ ቆርጠሽ፣ አጥፈሽ፣ አጣብቀሽ አዲስ ዕቃ ታወጫለሽ። አስመጪሽም ሮል ገዝቶ ሮል ይሸጣል። ስለዚህ ፋብሪካው የተመሰከረለት ቢሆንም፣ አስመጪው ምስክር ወረቀት ከሌለው ሰንሰለቱ እዚያው ተበጥሷል። አስመጪው ኖሮት አንቺ ከሌለሽ ደግሞ አንቺ ጋ ይበጠሳል። ከተበጠሰ በኋላ ያለው ወረቀት ለኤፍ ኤስ ሲ ተራ ወረቀት ነው። ዛፉ ያው ዛፍ ቢሆንም።

አሁን በቴሌግራም የመጣልሽን ፋይል ክፈቺ። መጀመሪያ የማን ስም እንዳለበት እዪ። እንደምገምተው የአስመጪው ስም የለበትም። ውጭ አገር ያለ የወረቀት ፋብሪካ ስም ነው የሚኖርበት። ከዚያ ቀኑን። ምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ለአምስት ዓመት ነው፣ በየዓመቱም ኦዲት አለው። በመሃል ሊታገድ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። የታገደ ድርጅት ደግሞ የድሮውን ፒዲኤፍ ለመላክ ማንም አይከለክለውም። ስለዚህ ፋይሉን አትመኚ። ኤፍ ኤስ ሲ ለሁሉም ክፍት የሆነ የፍለጋ ገጽ አለው። የድርጅቱን ስም ወይም ኮዱን ስታስገቢ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ያሳይሻል። የትኞቹን የዕቃ ዓይነቶች እንደሚሸፍንም እዚያው ተዘርዝሯል። ለጽሕፈት ወረቀት የተሰጠ ምስክር ወረቀት ለክራፍት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ቢሟላም ገና ነው። ነጋዴውን ሁሉ የሚያሳስተው የሚቀጥለው ነገር ነው። ምስክር ወረቀት ማለት እንደ መንጃ ፈቃድ ነው። ሰውዬው መንዳት እንደሚችል ይናገራል እንጂ ዛሬ ጠዋት መኪናዋን ማን እንደነዳት አይናገርም። አንድ ፋብሪካ በዚያው ማሽን የተመሰከረለትም ያልተመሰከረለትም ወረቀት ያመርታል። ያልተመሰከረለት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። የኛ አስመጪ የትኛውን እንደሚያዝ ልንገርሽ? ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ወሳኙ ሰነድ ኢንቮይሱ ነው። እዚያ ላይ የሻጩ የምስክር ወረቀት ኮድ መኖር አለበት። ከእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ ደግሞ አባባሉ፣ ማለትም «ኤፍ ኤስ ሲ 100 በመቶ»፣ «ኤፍ ኤስ ሲ ሚክስ» ወይም «ኤፍ ኤስ ሲ ሪሳይክልድ» የሚል ቃል። ኢንቮይሱ ላይ ይህ ከሌለ ሮሉ አልተመሰከረለትም። ሻጩ በቃል የፈለገውን ቢልም።

ሦስቱ አባባሎች እኩል አይደሉም። 100 በመቶ የሚለው ፋይበሩ በሙሉ፣ ማለትም ከእንጨቱ የወጣው ክር ሁሉ፣ ከተመሰከረለት ደን የመጣ ነው። ሪሳይክልድ በሙሉ ከአሮጌ ወረቀትና ከመሰል ዕቃ የተመለሰ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኚው ሚክስ ነው። እሱ ላይ ከተመሰከረለት ደን ከመጣውና ከአሮጌ ወረቀት ከተገኘው ጋር «ቁጥጥር የተደረገበት» የሚባል እንጨት ሊደባለቅ ይችላል። ቁጥጥሩ አምስት ነገሮችን ለማስቀረት ነው። በሕገ ወጥ መንገድ የተቆረጠ፣ የነባር ሕዝቦችና የሰብዓዊ መብት ተጥሶ የተገኘ፣ ልዩ ዋጋ ያለው ደን የተጎዳበት፣ የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ የመጣ፣ ዘረ መሉ ከተለወጠ ዛፍ የተገኘ። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። መሬት ላይ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው የአካባቢ ተቆርቋሪ ድርጅት ግሪንፒስ ኢንተርናሽናል በ2018 ከአባልነት ወጥቷል። በአንዳንድ አገሮች ደኑን የሚጠብቅ አልሆነም ብሎ ነው።

ሌላም ምልክት ታያለሽ፤ ፒ ኢ ኤፍ ሲ ይባላል። በ1999 አውሮፓ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን የየአገሩን የደን ምስክርነት ሥርዓት እያወቀ በአንድ ጥላ ሥር ያስገባል። ትናንሽ የቤተሰብ ደን ያላቸው ሰዎች የሚበዙበት ነው። አንዳንድ ገዢ ሁለቱንም ይቀበላል፣ አንዳንዱ ኤፍ ኤስ ሲ ብቻ ይላል። ጠይቆ ማወቅ ይሻላል። የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ሁለቱንም እንደ መነሻ እንጂ እንደ መድረሻ አላያቸውም። ምልክት ያለው ወረቀት ከሌለው ይሻላል። ስለ ምንጩ ማሰብ ግን አያስቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለክራፍት ገዢ። ከረጢት ጠንካራ እንዲሆን ረጅም ፋይበር ይፈልጋል። ረጅሙ ፋይበር፣ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚሆነው፣ የሚገኘው መርፌ ቅጠል ካላቸው የጥድ ዘመዶች ነው። የባሕር ዛፍ ፋይበር 1 ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። መርፌ ቅጠል ያላቸው ዛፎች የሚበዙት በስካንዲኔቪያ፣ በካናዳ፣ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች እና በሩሲያ ነው። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ፣ በ2022፣ ኤፍ ኤስ ሲ በሩሲያና በቤላሩስ ያሉትን የንግድ ምስክር ወረቀቶች ሁሉ አገደ። ፒ ኢ ኤፍ ሲም ከሁለቱ አገሮች የሚመጣውን እንጨት «የግጭት እንጨት» ብሎ ከለከለ። ከዚያ በኋላ በሩሲያ እንጨት የተሠራ ክራፍት «ምልክት አለው» ብሎ የሚያቀርብልሽ ሰው ካለ፣ ሌላ ሰነድ መመርመር አያስፈልግሽም።

ታዲያ ለቡናው ሰውዬ ምን ትያለሽ?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንዲያጣራ ንገሪው። ጀርመኖቹ የሚፈልጉት ምልክቱ እንዲታተም ነው ወይስ የወረቀቱ ምንጭ እንዲታወቅ? ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። መልእክቱ ከሰው ሰው ሲተላለፍ ነው «ምልክት ይኑረው» የሚሆነው። ምንጩን ማወቅ ከሆነ ፋብሪካው ለአስመጪው የሰጠውን ኢንቮይስ ዋጋውን ሸፍናችሁ ልታሳዩ ትችላላችሁ። አባባሉና ኮዱ ከታየ ለገዢው ጥሩ ማስረጃ ነው። ከረጢቱን የኤፍ ኤስ ሲ ከረጢት ግን አያደርገውም፤ ስሙንም ከረጢቱ ላይ መጻፍ አይቻልም። ስሙም ምልክቱም የተመዘገቡ የንግድ ምልክቶች ናቸው። በፈቃድ ቁጥር ብቻ ነው የሚታተሙት። የተጭበረበረ ምልክት አውሮፓ ውስጥ ሲገኝ የሚጠየቀው ዕቃውን ያስገባው ገዢ ነው። ያ ገዢ ደንበኛሽን ይተዋል፣ ደንበኛሽ አንቺን።

«አይ፣ ምልክቱ ራሱ ይታተም» ካሉ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው አንቺ ራስሽ ምስክር ወረቀት ማውጣት ነው። ዕውቅና ያለው ኦዲተር መጥቶ ያይሻል። የምትገዢውንና የምትሸጪውን በኪሎ መዝግበሽ ትይዣለሽ፣ የተመሰከረለትን ሮል ከሌላው ለይተሽ ታስቀምጫለሽ፣ ሠራተኞችሽን ታሠለጥኛለሽ። ሥራው አይከብድም። የሚከብደው በየዓመቱ በውጭ ምንዛሬ የሚከፈለው ነው። ትናንሽ ድርጅቶች ተሰባስበው በአንድ ምስክር ወረቀት ሥር የሚገቡበት የቡድን አሠራር አለ። ሌሎች ከረጢት ሠሪዎችና ማተሚያ ቤቶች ካገኘሽ አብሮ ማሰቡ ብልህነት ነው። አስመጪውም ግን መግባት አለበት። ለአንድ ደንበኛ ብለሽ ብቻሽን ግቢበት አልልሽም። ሁለተኛው መንገድ ደንበኛሽ ምልክቱ የታተመበትን ከረጢት ከተመሰከረለት አምራች እንዲያስመጣ ነው። ያኔ ትእዛዙ ካንቺ ይሄዳል። ይህን ደፍረሽ ብትነግሪው ለሌላው ሥራ ያምንሻል ብዬ አስባለሁ።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ «የአውሮፓ ሕግ አስገድዶን ነው» ይላል። ሕጉ አለ፤ በ2023 የወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ነው። ከ2020 መጨረሻ በኋላ በተመነጠረ ደን ላይ የበቀለ ምርት ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዳይገባ ይከለክላል። ሰባት ነገሮችን ይዟል፤ የቀንድ ከብት፣ ካካዎ፣ ቡና፣ ዘንባባ፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና እንጨት። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተገፍቷል። ደንበኛሽን በቀጥታ የሚነካው በቡናው በኩል ነው። ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ መታወቅ አለበት። ከረጢቱስ? ሕጉ ሌላ ዕቃ ለመያዝና ለመጠበቅ ብቻ የሚያገለግል ማሸጊያን አይጨምርም። ባዶ ከረጢት እንደ ሸቀጥ ወደ አውሮፓ ብትልኪ ነበር ጉዳዩ የሚመጣው። ስለዚህ የከረጢቱ ጥያቄ የመጣው ከገዢዎቹ የራስ መመሪያ ይመስለኛል። ይህን ማወቅሽ ይጠቅማል። ከመመሪያ ጋር መደራደር ይቻላል።

አሁን ወደ ጫካው ልምጣ።

ከፌስታል ወደ ወረቀት ስንሄድ ደን እየጨረስን ነው ወይ? በጥቅሉ ሲታይ ደንን በዋናነት የሚጨርሰው ወረቀት አይደለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2021 እንዳለው ከደን ጭፍጨፋው 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከእርሻና ከግጦሽ መስፋፋት ጋር የተያያዘ ነው። የኛንም ደን ወረቀት አልበላውም፤ የበሉት እርሻ፣ ማገዶና ከሰል ናቸው። ግን «በጥቅሉ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ወረቀት ደን የጨረሰባቸው ቦታዎች አሉ፤ በስም የሚታወቁ።

ከሁሉ የሚታወቀው ሱማትራ ነው፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ። ሁለት ግዙፍ የፐልፕና የወረቀት ኩባንያዎች አሉ፤ ኤሺያ ፐልፕ ኤንድ ፔፐር እና ኤፕሪል። ለብዙ ዓመታት አሠራሩ እንዲህ ነበር። ፋብሪካው አስቀድሞ ይተከላል፣ በጣም ትልቅ ሆኖ። ለሱ የሚበቃ የተተከለ ዛፍ ግን ገና የለም። ስለዚህ የነብርና የዝሆን መኖሪያ የሆነው የተፈጥሮ ደን ይቆረጥና ወደ ፋብሪካው ይገባል። በቦታው ግራር ይተከላል። የእኛው ዓይነት ግራር ሳይሆን ከአውስትራሊያ አካባቢ የመጣ፣ በአምስት ስድስት ዓመት የሚደርስ። (አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስም የዚሁ ዝርያ ዘመድ ነው። ልዩነቱ እዚያ የሚተከለው በደከመ የእርሻ መሬት ላይ መሆኑ ነው።)

የባሰው ነገር መሬቱ ነው። ብዙው የሱማትራ ቆላ ረግረግ ነው። በሺዎች ዓመታት ውስጥ የተከማቸ፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ በደንብ ያልበሰበሰ የእፅዋት ክምችት ነው። አንዳንድ ቦታ ብዙ ሜትር ጥልቀት አለው። ግራሩ እንዲበቅል ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ይፈስሳል። የደረቀው አፈር ራሱ ነዳጅ ይሆናል። እሳት ሲነሣ ከመሬት በታች ለሳምንታት ይጤሳል። በ2015 የተነሣው ጭስ ሲንጋፖርንና ማሌዥያን ሸፍኖ ትምህርት ቤት አዘግቷል። የወረቀት ተከላው ብቻ አልነበረም ተጠያቂው፤ የዘንባባ ዘይት እርሻውም ነበረበት። ግን ወረቀቱ ድርሻ ነበረው።

ኤፍ ኤስ ሲ በ2007 ከኤሺያ ፐልፕ ኤንድ ፔፐር ጋር ያለውን ግንኙነት አቋረጠ። ኩባንያውን ያንቀሳቀሰው ግን ከሁሉ በላይ የገዢዎች መሸሽ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2011 ግሪንፒስ የባርቢ አሻንጉሊት ማሸጊያ ካርቶንን ወደ ቤተ ሙከራ ላከ። ወረቀት ውስጥ ያለ ፋይበር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከየትኛው የዛፍ ዓይነት እንደመጣ ሊለይ ይችላል። ከተተከለ ግራር ከሆነ አንድ ዓይነት ነው። ከተፈጥሮ ደን ከሆነ ብዙ ዓይነት የተቀላቀለበት ነው። ካርቶኑ ውስጥ የተገኘው የተቀላቀለው ነበር። የአሻንጉሊቱ ባለቤት ማቴል በዚያው ዓመት የማሸጊያ መመሪያውን ለወጠ። ሌሎችም ተከተሉ። ኤሺያ ፐልፕ ኤንድ ፔፐር በየካቲት 2013 የተፈጥሮ ደን መመንጠር አቆምኩ ብሎ አወጀ። ኤፕሪልም በ2015 ተመሳሳይ ቃል ገባ። ቃሉ ምን ያህል ተጠበቀ የሚለው እስከዛሬ ያከራክራል። ቀድሞ በተነጠቀው መሬት ላይ የሚኖሩ ሰዎች ጉዳይም እንዲሁ። አንቺን የሚመለከተው ጉዳዩ በማሸጊያ ካርቶን በኩል መጀመሩ ነው። ከምርቱ ዋጋ ትንሿን ክፍል በያዘው ነገር።

ስለ ባሕር ዛፍም መጠየቅሽ አይቀርም። እኛ አገር ስሙ በሁለት ይነሳል። አንዱ ውሃ ይጨርሳል ይላል፣ ሌላው ልጄን ያስተማርኩት በአጠና ሽያጭ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲመጣ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ልትነሣ ነበር። ዛፉ ከተማዋን ቦታዋ ላይ አስቀራት ቢባል ማጋነን አይደለም። ያ እንጦጦን የሸፈነው ነጭ ባሕር ዛፍ ለጽሕፈትና ለፎቶ ኮፒ ወረቀት ከሚፈለጉት ዛፎች አንዱ ነው። አጭርና ወጥ ፋይበሩ ወረቀቱን ልስልስ ያደርገዋል። ፖርቱጋል የወረቀት ኢንዱስትሪዋን የገነባችው በዚሁ ዛፍ ነው። ከደኗ ሩብ የሚያህለው ባሕር ዛፍ ነው። በሰኔ 2017 ፔድሮጋኦ ግራንዴ በተባለ አካባቢ በተነሣ እሳት ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። እሳቱን ያባባሰው ባሕር ዛፉና የተተዉት የገጠር መሬቶች ናቸው ተብሎ ትልቅ ክርክር ተነሣ። በዚያው ዓመት አዲስ ባሕር ዛፍ መትከልን የሚገድብ ሕግ ወጣ።

ብራዚል ደግሞ በሰባት ዓመት የሚደርስ ባሕር ዛፍ እየተከለች በዓለም ትልቋ የባሕር ዛፍ ፐልፕ ሻጭ ሆናለች። ሱዛኖ የተባለው ኩባንያ በ2024 ሥራ ያስጀመረው አንድ ፋብሪካ ብቻ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን ፐልፕ ማምረት ይችላል። ብዙው ተከላ ያለው ከብት በጋጠውና በደከመ መሬት ላይ ነው። በዚህ ረገድ ጥሩ ነው። ኤስፒሪቶ ሳንቶ በሚባለው ግዛት ግን ቱፒኒኪምና ጓራኒ የተባሉ ነባር ሕዝቦች አራክሩዝ ከተባለው የፐልፕ ኩባንያ ጋር ለአሥርተ ዓመታት በመሬት ተካሰዋል። በ2007 ነው መንግሥት 11 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት የእነሱ ነው ብሎ የወሰነላቸው።

ስለዚህ «ባሕር ዛፍ ነው ወይስ ጥድ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትም አያደርስም። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ይኼን ነው፦ ዛፉ ከመተከሉ በፊት እዚያ ምን ነበር? የማን ነበር? ደን ተመንጥሮ ከሆነ ወረቀቱ ምንም ያህል ቢያምር አልገዛም። የደከመ መሬት ከነበረና ባለቤቱ ተስማምቶ ከሆነ፣ ባሕር ዛፍም ቢሆን አላማርርም።

(እዚህ አገር ይህን ያህል ባሕር ዛፍ እያለን ፐልፕ ለምን አንሠራም የሚል ሰው አለ። አንድ ቶን ነጭ ፐልፕ ሁለት ቶን ያህል ደረቅ እንጨት ይበላል። ቀሪው ከኬሚካሉ ጋር ጥቁር ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ያንን ፈሳሽ አቃጥለው ኃይል ያመነጩበታል፣ ኬሚካሉንም መልሰው ይጠቀሙበታል። ያ መሣሪያ ውድ ነው። ትንሽ ፋብሪካ ከሆነ አያዋጣውምና ፈሳሹ ወንዝ ውስጥ ይገባል። በየጓሮው የተበታተነ የገበሬ ባሕር ዛፍ ደግሞ ግዙፍ ፋብሪካ አይቀልብም። አጠናው ግንባታ ላይ ቢውል ይሻለዋል።)

ሌላ የሚያሳስት ነገር የትውልድ አገር ሰርተፊኬት ነው። «ከግብፅ ነው»፣ «ከህንድ ነው»፣ «ከቻይና ነው» ይሉሻል። ያ ወረቀቱ የተሠራበት አገር ነው። ቻይና በዓለም አንደኛ ፐልፕ ገዢ ናት። ቻይና የተሠራ ወረቀት ውስጥ የብራዚልም፣ የካናዳም፣ የኢንዶኔዥያም እንጨት ሊኖር ይችላል፣ በአንድ ሮል ውስጥ። አስመጪው ለጉምሩክ ያስገባው ሰነድ ስለ ዛፉ ምንም አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያወጣ አንድ መንገድ አለ፤ ከአሮጌ ወረቀት የተመለሰ ወረቀት። ቆራሌው ሰፈር ለሰፈር እየዞረ የሚሰበስበው ካርቶን አገር ውስጥ ወዳሉ ፋብሪካዎች ይሄዳል፣ ተመልሶም ወረቀት ይሆናል። ለዳቦ ቤት፣ ለልብስ ሱቅ፣ ለፋርማሲ ከረጢት ይኼ ይበቃል ብቻ ሳይሆን ይሻላል። ድክመቱ ፋይበሩ በተመላለሰ ቁጥር ማጠሩና መድከሙ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ብዙም አይረባም። ስለዚህ በየመሃሉ አዲስ ፋይበር መግባቱ የግድ ነው። ከባድ ዕቃ ለሚሸከም ከረጢት ግራሙን (የወረቀቱን ክብደት በካሬ ሜትር) ከፍ ማድረግ ወይም ከአዲስ ክራፍት ጋር መቀላቀል ይኖርብሻል።

ለቡናው ግን ተጠንቀቂ። ከአሮጌ ጋዜጣና ከታተመ ወረቀት የተመለሰ ወረቀት ውስጥ የቀለም የማዕድን ዘይት ይቀራል። ምግብ በቀጥታ ከነካው ወደ ምግቡ ይሸጋገራል። አውሮፓውያን በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ናቸው። ቡናውን ከሚነካው ገጽ ላይ ወይ አዲስ ክራፍት ወይ መከላከያ ንጣፍ ያስፈልጋል። የተቆላ ቡና ከረጢት ደግሞ አየር እንዳያስገባ ውስጡ ላስቲክ ወይም አሉሚኒየም የተለጠፈበት ነው። ይህን ያህል ስለ ዛፉ ተጨንቀን መጨረሻ ላይ መልሶ ለመጠቀም የሚያስቸግር ከረጢት መሥራታችን ያስቃል። ንጣፉ በቀላሉ የሚላጥ ወይም ለብቻው የሚወጣ ከረጢት መሥራት ከቻልሽ፣ ለጀርመኖቹ ከምልክቱ ባላነሰ ደስ ይላቸው ይሆናል።

ስለ ፌስታልም ላንሳ፣ ጠይቀሻልና። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ በ2011 ባወጣው ጥናት፣ የወረቀት ከረጢት የከባቢ አየር ሙቀት ላይ ያለው ጫና ከስስ ፌስታል ጋር እኩል እንዲሆን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ማገልገል አለበት። የሚለካው ግን ሙቀት ነው። በሬ ሆድ ውስጥ የሚገባውንና ቱቦ የሚደፍነውን ፌስታል አይቆጥርም። ክልከላውን የምደግፈው ለዚህ ነው። ሦስት ጊዜ የሚያገለግል ከረጢት መሥራት ግን ያንቺ እጅ ላይ ነው። እጀታው መጀመሪያ የሚበጠስ ከረጢት ሦስተኛ ቀን አያይም። ባለ 120 ግራም ወፍራም ወረቀት ከመግዛት ይልቅ ባለ 90 ግራሙን ይዘሽ እጀታውንና ታቹን ብታጠናክሪ ወረቀትም ገንዘብም ይተርፍሻል።

ለአስመጪሽ የምትልኪው መልእክት አጭር ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ለሚቀጥለው ትእዛዝ የፋብሪካውን ስምና የኤፍ ኤስ ሲ ኮዱን፣ ፋብሪካው ለእርስዎ በሚሰጠው ፕሮፎርማና ኢንቮይስ ላይ አባባሉ ተጽፎ፣ የፐልፑን የዛፍ ዓይነትና የተቆረጠበትን አገር እንዲሁም ከአሮጌ ወረቀት የተገኘውን መቶኛ በጽሑፍ እንዲያስልኩልኝ እጠይቃለሁ።» ከባድ ጥያቄ አይደለም። ደህና ፋብሪካ ይህን መረጃ አዘጋጅቶ የያዘው ነው። መልሱ «ችግር የለም፣ እመኚኝ» ከሆነ ሌላ አስመጪም ጠይቂ። ጥያቄው ከአንቺ ብቻ ሲመጣ ችላ ሊሉት ይችላሉ። ሁለት ሦስት ማተሚያ ቤቶች አንድ ላይ ከጠየቁ ግን አስመጪው ራሱ ምስክር ወረቀት ማውጣት ያዋጣዋል።

ለጊዜው ከረጢቱ ላይ የምታትሚው ነገር ከፈለግሽ፣ በሰነድ የምታረጋግጪውን ብቻ ጻፊ። «ያልነጣ ክራፍት፣ አዲስ አበባ የተሠራ» ማለት ትችያለሽ። የምታውቂ ከሆነ ከአሮጌ ወረቀት የተገኘውን መቶኛ ጨምሪ። «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለውን ተዪው፤ አውሮፓ ውስጥ ማስረጃ የሚያስጠይቅ ቃል እየሆነ ነው። ባዶ ዛፍ ወይም ቅጠል ሥለሽም ምልክቱን አታስመስዪ።

ለደንበኛሽ ፕሮፎርማ ስትሰጪ ሁለት ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጪለት፤ በአባባል የመጣውና ያለ አባባል የመጣው። ልዩነቱን ያየዋል፣ ለገዢዎቹም ያሳያቸዋል። ማን እንደሚከፍለው የሚነጋገሩት እነሱ ናቸው።